በፍሬው የታወቀ፣ በእንጨቱ የተረሳ፤ የፒካን ዛፍና የቶርኖ ሥራ አጭር ታሪክ

ሰው ከዛፍ ጋር ያለው ዝምድና አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ዋና ጥቅም ላይ የተመሠረተ ነው። አንዱን ዛፍ ለጥላው፣ ሁለተኛውን ለፍሬው፣ ሦስተኛውን ለምሰሶውና ለማገሩ ይፈልገዋል። አንድ ዛፍ በአንደኛው ጥቅሙ ስሙ ከገነነ ደግሞ የቀሩት ጥቅሞቹ ተሸፍነው መቅረታቸው የተለመደ ነው። በሰሜን አሜሪካ የሚበቅለውና ፒካን የሚባለው ዛፍ ለዚህ ሁኔታ ጥሩ ምሳሌ ሊሆን ይችላል። ዓለም ይህን ዛፍ የሚያውቀው በገበያ በሚሸጠው ጣፋጭ ፍሬው ነው። እንጨቱ ግን ለረጅም ዘመን ወይ በቅርብ ዘመዶቹ ስም ሲሸጥ፣ ወይም ለሥጋ መጥበሻ ሲማገድ ኖሮ፣ ራሱን የቻለ ክብር ያገኘው በቶርኖ ባለሙያዎች እጅ ነው ቢባል ከእውነት የራቀ አይሆንም።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የዛፉን፣ የእንጨቱንና የቶርኖውን ታሪክ አገናኝቶ ማቅረብ ነው። በምህንድስና ሙያ የተሰማራን ሰዎች ስለ አንድ ቁስ ስናነብ ቀድመን የምንመለከተው የቁጥር ሠንጠረዡን ነው። ቁጥሩም አንድ እንጨት ለምን ዐይነት ሥራ እንደሚበቃ ይነግረናል። ይሁን እንጂ እንጨቱ ለዚያ ሥራ ለምን እንደዋለ ወይም ለምን ሳይውል እንደቀረ የሚነግረን ታሪኩ ነው። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢው እንዲገነዘብልን እናሳስባለን።

የዛፉ አገርና ስሙ

ፒካን ሂከሪ በሚል የወል ስም ከሚጠሩት ዛፎች አንዱ ሲሆን፣ ዎልነትም ከዚሁ ሰፊ ቤተሰብ ይመደባል። የትውልድ አገሩ የሚሲሲፒ ወንዝና ገባሮቹ የሚያጠጡት ለም ሸለቆ ነው። ይኸውም በሰሜን ከኢሊኖይና ከኢንዲያና ጀምሮ በደቡብ እስከ ሉዊዚያናና ቴክሳስ፣ ከዚያም አልፎ እስከ ሜክሲኮ ይዘልቃል። ፒካን የሚለው ስም የተወሰደው ከአልጎንኪን ቋንቋዎች ሲሆን፣ በድንጋይ ካልተሰበረ የማይበላ ፍሬ ማለት ነው። ሳይንሳዊ ስሙ ካርያ ኢሊኖይነንሲስ የተባለውም ነጋዴዎች ፍሬውን የኢሊኖይ ፍሬ እያሉ ይጠሩት ስለነበረ ነው።

ስለዚህ ዛፍ በጽሑፍ ከቀሩልን የመጀመሪያ ምስክርነቶች አንዱ የስፔናዊው የካቤሳ ዴ ቫካ ነው። ይህ ሰው በ1528 ዓ.ም. መርከቡ ተሰብሮ በቴክሳስ ጠረፍ ከወደቀ በኋላ፣ በአገሩ ተወላጆች መካከል ለብዙ ዓመታት በመከራ ኖሯል። በ1542 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ ተወላጆቹ በወንዝ ዳር ተሰብስበው፣ በዓመት ውስጥ ለሁለት ወር ያህል ይህን የመሰለውን ፍሬ እየወቀጡ ይመገቡ እንደነበረ ጽፏል። ዛፉ አንዱን ዓመት ካፈራ በሚቀጥለው ዓመት እንደሚያርፍም አስተውሏል። ይህ አስተያየት ትክክል ለመሆኑ የዛሬው የፒካን ገበሬ ምስክር ነው፤ በየሁለት ዓመቱ የሚመላለሰው የምርት መብዛትና ማነስ እስካሁን ያስቸግረዋልና።

በ18ኛው መቶ ዓመት ጆርጅ ዋሽንግተንና ቶማስ ጄፈርሰን ፒካንን በቨርጂኒያ ርስቶቻቸው ላይ ተክለውታል። ይሁን እንጂ ሁለቱም የተከሉት እንደ ብርቅ ነገር ቈጥረው ነበር። ፒካን የእርሻ ተክል ለመሆን ገና አንድ ትልቅ እንቅፋት ይጠብቀው ነበር።

የአንትዋን እጅ

እንቅፋቱ ይህ ነው። የፒካን ዘር የእናቱን ጠባይ ጠብቆ አይበቅልም። ፍሬው ትልቅና ቅርፊቱ ስስ ከሆነው ዛፍ ሥር ዘር ለቅሞ የተከለ ሰው፣ ብዙ ዓመት ጠብቆ የሚያገኘው ፍሬው ደቃቅና ቅርፊቱ ወፍራም የሆነ ዛፍ ሊሆን ይችላል። መልካሙን ዛፍ ለማባዛት ብቸኛው መንገድ ከእሱ የተቈረጠውን ቀንበጥ ከሌላ ፒካን ግንድ ጋር አጋጥሞ ማዳቀል ነው። በፒካን ላይ ግን ይህ ሥራ እጅግ አስቸጋሪ ሆኖ ቈይቶ ነበር።

በሉዊዚያና ኮሎም የተባለ አንድ ሐኪም ከአንድ ምርጥ ዛፍ ቀንበጥ ወስዶ ቢሞክር ሳይሳካለት ቀረ። ከዚያም ቀንበጦቹን ኦክ አሊ ወደተባለው የሸንኰራ አገዳ እርሻ ወሰዳቸው። በዚያ እርሻ ላይ አንትዋን የሚባል በባርነት የተያዘ አትክልተኛ ነበር። አንትዋን በ1846 እና በ1847 ዓ.ም. መካከል በነበረው ክረምት 16 ዛፎችን አዳቀለ፤ ሁሉም ያዙለት። የአሜሪካ የርስ በርስ ጦርነት ባበቃበት ጊዜ በእርሻው ላይ የዚህ ዘር ዛፎች ቍጥር 126 ደርሶ ነበር። ከዚያ ወዲህ ለተስፋፋው የፒካን እርሻ ሁሉ መነሻው ይህ የእጅ ሥራ ነው።

የእርሻው ባለቤት በ1848 ዓ.ም. በሞተ ጊዜ ንብረቱ ተቈጥሮ ተመዘገበ። በዚያም መዝገብ አንትዋን የ38 ዓመት ሰው፣ አትክልተኛና ፒካን በማዳቀል የተካነ ባለሙያ ተብሎ፣ ዋጋው 1,000 ዶላር ተተምኖለት ይገኛል። ሙያው የተመሰከረለት ዋጋውን ለማሳደግ እንጂ ሰውየውን ለማመስገን እንዳልነበረ ግልጽ ነው። በ1876 ዓ.ም. አሜሪካ የነጻነቷን መቶኛ ዓመት በፊላደልፊያ ስታከብር፣ የጊዜው የእርሻው ባለቤት ይህን ፍሬ ለኤግዚቢሽን አቅርቦ የምስጋና ወረቀት ተቀበለበት። ፍሬውም የመቶኛው ዓመት መታሰቢያ እንዲሆን ሴንቴኒያል ተብሎ ተሰየመ። በዓሉ ስም አገኘ፤ ባለቤቱ ምስጋና አገኘ፤ ያዳቀለው እጅ ግን በዚያ ወረቀት ላይ አልተጠቀሰም። አንትዋን ካዳቀላቸው ዛፎች አብዛኞቹም በኋላ ለሸንኰራ አገዳ ቦታ ለማስለቀቅ ተቈረጡ።

ፍሬን ለመልቀም ዛፍ መቍረጥ

በዱር የበቀለ ፒካን እጅግ ረጅም ዛፍ ነው፤ ከ30 ሜትር በላይ ይወጣል። በዚህም ምክንያት ለፍሬው ሲባል ቅርንጫፉን መቍረጥ፣ አልፎ አልፎም ግንዱን ከነፍሱ መጣል በ19ኛው መቶ ዓመት የተለመደ ነገር ነበር። ስለዚህ ልማድ ከሚነገሩት ታሪኮች የኤድመንድ ሪዝየን ታሪክ የታወቀ ነው።

ሪዝየን የእንግሊዝ አገር ተወላጅ ሲሆን ሙያው የቤት ዕቃ አናጢነት ነበር። በ1874 ዓ.ም. ቴክሳስ ውስጥ ወደምትገኘው ሳን ሳባ ከተማ መጥቶ ተቀመጠ። በአካባቢው ከሚገኘው ሁሉ የተሻለውን ፒካን ላመጣለት ሰው 5 ዶላር እንደሚሸልም አስታወቀ። አሸናፊውን ፍሬ ያመጣው ሰው ዛፉን ሊያሳየው ወሰደው። በቦታው ሲደርሱ ግን ሰውየው ፍሬውን ለመልቀም ሲል ቅርንጫፎቹን ሁሉ በመጋዝ ቈርጦ፣ የቀረው ራሱ የቆመበት አንድ ቅርንጫፍ ብቻ ሆኖ ተገኘ ይባላል። ሪዝየን መሬቱን ገዝቶ ዛፉን ተንከባክቦ አዳነው። ከዚህም ዛፍ ዘር ዌስተርን ሽሌይን የመሰሉ እስከ ዛሬ በደረቅ አገር የሚተከሉ የፒካን ዐይነቶች ተገኙ።

እንጨት በመጋዝና በመላጊያ ሲሠራ የኖረ አናጢ ዛፍን ከመቈረጥ ለማዳን መነሣቱ ለታሪኩ ልዩ ጣዕም ይሰጠዋል። ከዚህ በኋላ በፍሬውና በእንጨቱ መካከል የነበረው ፉክክር በፍሬው አሸናፊነት ተፈጸመ ለማለት ይቻላል። የቴክሳስ አገረ ገዥ የነበረው ጄምስ ሆግ በ1906 ዓ.ም. ሊሞት ሲቃረብ፣ በመቃብሩ ላይ የድንጋይ ሐውልት እንዳይቆምለት፣ ይልቁንም በራስጌው ፒካን በግርጌው ዎልነት እንዲተከልና ፍሬው ለሕዝቡ ለዘር እንዲታደል ተናዘዘ። በ1919 ዓ.ም. ፒካን በሕግ የቴክሳስ ግዛት ዛፍ ሆነ። እንዲህ ያለ ክብር ያገኘን ዛፍ ለእንጨቱ ብሎ የሚተክል ሰው አልተገኘም።

እንጨቱ በቁጥር ሲመዘን

እንግዲህ ወደ እንጨቱ እንመለስ። ሂከሪዎች በሁለት ይከፈላሉ። የመጀመሪያዎቹ እውነተኛ ሂከሪ የሚባሉት ሲሆኑ፣ ሁለተኛዎቹ ፒካንና የቅርብ ዘመዶቹ ናቸው። በዊስኮንሲን ግዛት በማዲሰን ከተማ በ1910 ዓ.ም. የተቋቋመው የአሜሪካ መንግሥት የደን ውጤቶች ላቦራቶሪ ባወጣው የእንጨት መምሪያ መሠረት፣ 12 በመቶ እርጥበት ያለው ፒካን አንጻራዊ ክብደቱ 0.66 ሲሆን፣ ሻግባርክ የተባለው እውነተኛ ሂከሪ 0.72 ነው። የመጕበጥ ጥንካሬው ለፒካን 94 ሜጋፓስካል፣ ለሻግባርክ 139 ሜጋፓስካል ነው። ነጭ ኦክ እንኳ 105 ሜጋፓስካል ስለሆነ በዚህ መለኪያ ፒካን ከኦክ ያነሰ ነው ማለት ነው።

ይሁን እንጂ ለመሣሪያ እጀታ ዋናው መለኪያ ድንገተኛ ምት የመቻል ኀይል ነው። በዚህ ፈተና እንጨቱን ለመስበር መዶሻ የሚለቀቅበት ከፍታ ይለካል። ከፍታው ለነጭ ኦክ 0.94 ሜትር፣ ለፒካን 1.12 ሜትር፣ ለሻግባርክ 1.70 ሜትር ነው። እኛ አገር ለመጥረቢያና ለመዶሻ ዛቢያ ወይራ የሚመረጥበትን ምክንያት የሚያውቅ አንባቢ፣ የአሜሪካ ገበሬ ከሂከሪ የሚፈልገው ምን እንደሆነ ለመረዳት አይቸገርም። ፒካን እንግዲህ ከኦክ ይልቅ ምት የሚችል፣ ከወንድሞቹ ግን ዝቅ ያለ እንጨት ነው። ጣውላ ነጋዴዎች ሁለቱን ወገኖች እያደባለቁ በሂከሪ ስም ሲሸጡ በመኖራቸው፣ ፒካን በራሱ ስም የመታወቅ ዕድሉ ጠባብ ነበር።

ሌላው መታወቅ ያለበት ጠባዩ መኰማተሩ ነው። ከእርጥብነት ፈጽሞ እስኪደርቅ ድረስ ፒካን ከልብ ወደ ቅርፊት አቅጣጫ 4.9 በመቶ፣ የዓመት ቀለበቱን ተከትሎ ደግሞ 8.9 በመቶ ይኰማተራል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ጣውላው እንዲጣመምና እንዲሰነጠቅ ያደርጋል። ውጫዊው ነጭ ክፍሉ ደግሞ እንጨት ለሚያደቅ ነቀዝ የተጋለጠ ነው። ልቡ ቀላ ያለ ቡናማ ሆኖ አንዳንዴ ጠቆር ያሉ መሥመሮች ይታዩበታል። በቀለም ረገድ ሲታይ ከሂከሪዎች ሁሉ የደመቀ ነው የሚሉ ባለሙያዎች ጥቂት አይደሉም።

ከጠፍር እስከ ብላንቻርድ መኪና

ቶርኖ ከሰው ልጅ ጥንታዊ መኪናዎች አንዱ ነው። በግብፅ አገር ከክርስቶስ ልደት በፊት በ300 ዓመት አካባቢ በተሠራው በፔቶሲሪስ መቃብር ግድግዳ ላይ ሁለት ሰዎች በቶርኖ ሲሠሩ ተቀርጸው ይታያሉ። አንደኛው በዕቃው ላይ የተጠመጠመውን ጠፍር ወዲያና ወዲህ ይጐትታል፤ ሁለተኛው መሮውን ይይዛል። በመካከለኛው ዘመን በአውሮፓ የተስፋፋው ቶርኖ ደግሞ ከላይ በታሰረ ተጣጣፊ እንጨትና ከታች በእግር በሚረገጥ መርገጫ የሚሠራ ነበር። እግር ሲረግጥ ዕቃው ወደ ፊት ይዞራል፤ ተጣጣፊው እንጨት ሲመለስ ወደ ኋላ ይዞራል። በመሆኑም መሮው የሚቈርጠው ከጊዜው እኩሌታውን ብቻ ነበር።

ይህን ጥንታዊ ሥርዓት በመሠረቱ የለወጠው ቶማስ ብላንቻርድ የተባለው የማሳቹሴትስ ተወላጅ ነው። ብላንቻርድ በ1819 ዓ.ም. የፈጠራ መብት ባገኘበት መኪና ክብ ያልሆነ ቅርጽን በቶርኖ ለማውጣት ቻለ። የመኪናው አሠራር እንዲህ ነው። የብረት ሞዴሉና ያልተሠራው እንጨት በአንድነት ይዞራሉ፤ በሞዴሉ ላይ የሚንከባለል ጐማ የሞዴሉን ቅርጽ ይከተላል፤ ከጐማው ጋር የተያያዘው የሚሽከረከር መቍረጫም ያንኑ ቅርጽ በእንጨቱ ላይ ይደግማል። መኪናው በስፕሪንግፊልድ የጦር መሣሪያ ፋብሪካ ለጠመንጃ ሰደፍ መሥሪያ ዋለ። ከዚያም ለጫማ ቅርጽና ለመጥረቢያ ዛቢያ ተሠራበት። አሜሪካ በ19ኛው መቶ ዓመት ለዓለም ያቀረበችው የሂከሪ ዛቢያ በርካሽ ሊበዛ የቻለው በዚህ ዐይነት መኪና ነው።

የዚህ መኪና ጥቅም ለማንም ግልጽ ነው። ሆኖም ሙያው ከሠራተኛው እጅ ወጥቶ ወደ ሞዴሉ መግባቱን ልብ ማለት ያስፈልጋል። ቀድሞ የቶርኖ ባለሙያው ስለ እያንዳንዱ እንጨት ጠባይ ያስብ ነበር። መኪናው ግን ለሁሉም አንድ ዐይነት ቅርጽ ስለሚሰጥ፣ የሚፈልገውም አንድ ዐይነት እንጨት ነው። በዚህ ሥርዓት ውስጥ እንደ ፒካን ያለ ከወንድሞቹ በመጠኑ የሚለይ እንጨት ቦታው ከድብልቁ መካከል ነበር።

የእጅ ሥራ መልሶ ማንሠራራት

በ20ኛው መቶ ዓመት የጋሪ መንኰራኵር በጐማ ተተካ፤ ብዙ የእንጨት እጀታም በብረትና በፕላስቲክ ተተካ። የቶርኖ ሥራ ግን ማንም ባልጠበቀው አቅጣጫ እንደገና አንሠራራ። ከዚህ መነቃቃት ግንባር ቀደም ሰዎች አንዱ ከእኛው ሙያ የተገኘ መሆኑን መጥቀስ ተገቢ ነው። ጄምስ ፕረስቲኒ በ1930 ዓ.ም. ከዬል ዩኒቨርሲቲ በሜካኒካል ምህንድስና የተመረቀ ሰው ሲሆን፣ ከ1930ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ ለ20 ዓመት ያህል ግድግዳቸው እጅግ የሳሳ ጐድጓዳ የእንጨት ሳሕኖችን በቶርኖ ሠርቷል። ሥራዎቹ በኒው ዮርክ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ቤተ መዘክር ለመቀመጥ በቅተዋል። በአትላንታ ከተማ አርክቴክት የነበረው ኤድ ሙልትሮፕ ደግሞ ከጆርጂያ ዛፎች ግንድ ግዙፍ ዕቃዎችን ይሠራ ነበር። እንጨቱ እንዳይሰነጠቅ ፖሊኤቲሊን ግላይኮል በተባለ ኬሚካል ይነክረው ነበር። ይህ ኬሚካል በእንጨቱ ሕዋስ ግድግዳ ውስጥ የውሃውን ቦታ ስለሚይዝ መኰማተርን ይገታል። በ1986 ዓ.ም. የአሜሪካ የእንጨት ቶርኖ ባለሙያዎች ማኅበር ተቋቋመ።

ይህ አዲስ የባለሙያ ትውልድ እንጨት የሚያገኘው በአብዛኛው ከጣውላ ነጋዴ አልነበረም። ማዕበል የጣለውን፣ ከመንገድ ዳር የተቈረጠውን፣ ከእርሻ የተነቀለውን ግንድ ሰብስቦ ይሠራል። ፒካን ተራው የደረሰው እዚህ ላይ ነው። የፒካን ዛፎች ሲያድጉ ጥላቸው ስለሚጋጠም ገበሬው በየጊዜው መቀነስ አለበት። ያረጁትም በአዲስ ዘር ይተካሉ። ከዚህም በላይ በጥቅምት ወር 2018 ዓ.ም. ማይክል የተባለው ከባድ አውሎ ነፋስ በደቡብ ምዕራብ ጆርጂያ በመቶ ሺሕ የሚቈጠሩ የፒካን ዛፎችን ጥሏል። ከአያት የተወረሰ እርሻው በአንድ ቀን ለተጋደመበት ገበሬ፣ ግንዱ ሁሉ ለማገዶ ወይም ለፍርፋሪ መሆኑ ሌላ ኀዘን ነው።

ከግንድ እስከ ሳሕን

ከእንዲህ ያለው ግንድ በጣም የሚወደደው ሥራ ጐድጓዳ ሳሕን ነው። አሠራሩም ከላይ በጠቀስናቸው ቁጥሮች ሊገለጽ ይችላል። ባለሙያው ግንዱን በልቡ መካከል ለሁለት ይሰነጥቀዋል፤ ልቡ ሳይወገድ ከቀረ ስንጥቅ ከዚያ ይጀምራልና። ከዚያም እንጨቱን በእርጥቡ በቶርኖ ላይ ያወጣዋል። እርጥብ ፒካን ከደረቁ ይልቅ ለመሮ የገራ ነው፤ የደረቀው ግን የመሮውን ስለት ቶሎ ያደንዘዋል።

በእርጥቡ የሚወጣው ሳሕን ግድግዳው ከስፋቱ አንድ ዐሥረኛ ያህል ውፍረት እንዲኖረው ይደረጋል። ይህ ሕግ በልማድ የተገኘ ይመስላል፤ ነገር ግን በስሌት ሊረጋገጥ ይችላል። ስፋቱ 300 ሚሊ ሜትር፣ ግድግዳው 30 ሚሊ ሜትር የሆነ ሳሕን አለን እንበል። እንጨቱ ወደ 8 በመቶ እርጥበት ሲደርቅ፣ ከሙሉው የ8.9 በመቶ ኵምታሬ 6.5 በመቶ ያህሉ ይደርስበታል። ስለዚህ የእንጨቱ ጭረት በሚሄድበት አቅጣጫ ስፋቱ 300 እንዳለ ሲቀር፣ በማዶው ግን ቢበዛ ወደ 280 ዝቅ ይላል፤ ሳሕኑም ሞላላ ይሆናል። ከዚህ ሞላላ መልሶ ክብ ለማውጣት የውጩ ክብ ከ280 መብለጥ፣ የውስጡም ከ240 ማነስ አይችልም። በመካከሉ የሚቀረው ግድግዳ 20 ሚሊ ሜትር ነው፤ ይህም የመጨረሻውን ቅርጽ ለማውጣት በቂ ነው። ግድግዳው ከመጀመሪያው ቀጭን ቢሆን ኖሮ የሚቀረው ስላልበቃ ሥራው በከንቱ በቀረ ነበር። ወፍራም ቢሆንም ውጩ ቀድሞ እየደረቀ ውስጡ ስለሚዘገይ ሳሕኑ ይሰነጠቅ ነበር። ያለ ሠንጠረዥ የሠሩት የጥንት ባለሙያዎች ትክክለኛውን መካከለኛ በእጃቸው አግኝተውታል።

ለማድረቅ የተሠራው ሳሕን ጫፎቹ በሰም ይቀባሉ፤ ወይም በወረቀት ከረጢት ተደርጎ ነፋስ በማያገኘው ቦታ ለወራት ይቀመጣል። ሲደርቅ እንደገና በቶርኖ ይወጣና በሚደርቅ ዘይት ይወለወላል። ከቀሩት ቍራጮች የመሮ እጀታ፣ የሊጥ መዳመጫ፣ የሻማ ማቆሚያ ይሠራል። ነጩ ክፍል ከቀላው ልብ ጋር በአንድ ዕቃ ላይ እንዲታይ ማድረግም የዚህ እንጨት ልዩ ውበት ነው።

ማጠቃለያ

የፒካንን ታሪክ በጠቅላላው ስንመለከተው፣ ዛፉን በእጅጉ የጠቀሙት ሰዎች በእጃቸው የሚያስቡ ሰዎች ሆነው እናገኛቸዋለን። አንትዋን ሐኪሙ ያልቻለውን በቢላዋና በቀንበጥ ቻለ። ሪዝየን የመጋዝን ጥቅምና ጕዳት ስለሚያውቅ ከመጋዝ የተረፈውን ዛፍ አዳነ። የቶርኖ ባለሙያውም ገበያ የናቀውን እንጨት ጠባዩን አጥንቶ አከበረው። በሁሉም ዘንድ ዕውቀቱ የተገኘው ከቁሱ ጋር በቅርብ ከመኖር ነው።

የቶርኖ ባለሙያዎች አንድ መልካም ልማድ አላቸው። ሳሕኑ ተሠርቶ ሲያልቅ ገልብጠው ከሥሩ የእንጨቱን ዐይነት፣ የሠሩበትን ዓመትና የራሳቸውን ስም ይጽፉበታል። በምህንድስና ሥራችን ውስጥም ንድፉን የነደፈው፣ ግንባታውን የመራው መሥሪያ ቤት፣ ገንዘቡን የከፈለው ወገን ስማቸው በሰሌዳ ላይ ይቀረጻል። ብየዳውን የበየደው፣ ቅርጹን ያወጣው፣ ብልሽቱን ቀድሞ ያስተዋለው ሠራተኛ ግን ብዙ ጊዜ ስሙ በክፍያ መዝገብ ላይ ብቻ ይቀራል። የአንትዋን ስም ለእኛ የደረሰው ከነዋጋው በንብረት መዝገብ ስለተጻፈ ነው። ስለሆነም በየሥራችን ፍጻሜ የምናዘጋጀው ዘገባ የእጅ ባለሙያዎቹን በስም የሚያነሣ አንድ ገጽ ቢኖረው፣ ወጪው ከወረቀቱ አያልፍም፤ ከእኛ በኋላ የሚመጣው መሐንዲስም ማንን መጠየቅ እንደሚገባው ያውቅበታል።